አርሶ አደሩ ከአጭበርባሪ ነጋዴ ራሱን እንዴት ይጠብቅ?

(በዩኒየናችን የምስረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



በበዓል ቀን ስለ ማጭበርበር ማውራት ደስ እንደማይል አውቃለሁ። ሆኖም ይህን ርዕስ ለአዘጋጆቹ ያቀረብኩት እኔው ነኝ፤ ምክንያቱም በጉዳዩ ውስጥ የራሴም ጥፋት አለበት።

በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ ጠፍቶ ሁላችንም የተንገላታንበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አንድ አባታችን አህያቸውን እየነዱ ወደ ልማት ጣቢያው መጡ። ዛሬም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የምናገረው ፈቅደውልኝ ነው። አህያዋ ሁለት ከረጢት የበቆሎ ዘር ጭናለች። በገበያ ቀን መኪና ላይ ሆኖ ከሚሸጥ ሰው፣ ከማህበሩ ዋጋ ረከስ አድርገው ነው የገዙት። «ልጄ፣ ይቺ ዘር ደህና ናት?» አሉኝ። ከረጢቱ የማውቀው ዓይነት ነው፣ የተጻፈበትም ዝርያ የማውቀው ነው፣ ፍሬውም በመድኃኒት ቀልቷል። ስብሰባ ረፍዶብኝ ስለነበር እንደቆምኩ አየሁትና «ደህና ነው አባቴ፣ ይዝሩት» አልኳቸው።

ዘሩ በቀለ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ብዙ ሰው ሐሰተኛ ዘር ማለት የማይበቅል ዘር ይመስለዋል። ያ አታላይ የሸጠው ተራ እህል ነበር፤ ምናልባትም አምና ከድቅል በቆሎ ማሳ የተሰበሰበ ምርት ቀለም ተቀብቶ ነው። እህል ደግሞ ይበቅላል። ስለዚህ መቶ ፍሬ ቆጥረን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን የምንሠራው የብቅለት ሙከራ የሞተን ዘር ይለይልናል እንጂ ይህን ዓይነቱን ተንኮል አያጋልጥም። ድቅል ዝርያ የሚገኘው የተመረጡ ወላጆችን በማዳቀል ነው፤ ጉልበቱም ያለው በመጀመሪያው ትውልድ ላይ ነው። ምርቱን መልሰን ስንዘራው ወደ ወላጆቹና ወደ አያቶቹ መልክ ይበታተናል። የአባታችን ማሳ ሐምሌ ውስጥ ለምለም ነበር። አናቱ ላይ አበባ ማውጣት ሲጀምር ግን አንዱ ቁመቱ ከሰው በላይ፣ አንዱ ከወገብ በታች፣ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ሆነ። ራሱም እንደዚያው ነው። አንድ ሄክታር መሬት፣ በስንት ወረፋ የተገኘ ማዳበሪያ፣ የቤተሰብ ሙሉ ጉልበት ገብቶበት ከጠበቁት ግማሹን እንኳ አላገኙም። በእኔ ላይ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም። እሱ ነው የከበደኝ።

በኋላ ባዶውን ከረጢት ወስጄ ከማህበራችን ከረጢት ጋር አስተያየሁት። አፉ በእጅ የተሰፋ ነበር፤ የድሮው የማሽን ስፌት ቀዳዳ ከክሩ ጎን ይታያል። ከስፌቱ ጋር ተያይዞ መገኘት የነበረበት መለያ ወረቀት የለም። ዋናው ዘር ግን የዝርያው ስም፣ የሎት ቁጥር፣ ንጽሕናው፣ የብቅለት መጠኑና የተመረመረበት ቀን የተጻፈበት ወረቀት አለው። ፍሬውም በመጠን የተበጠረ ስለሆነ ተቀራራቢ ነው፤ በዚያ ከረጢት ግርጌ የቀረው ግን ትልቁም ትንሹም፣ ነቀዝ የበላውም ተቀላቅሏል። ይህን ሁሉ ለማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ባዶ ከረጢት በገበያ እንደሚሸጥም ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ የዘር ከረጢት ባዶ ሲሆን በቢላ ቀደድ አድርጉት እላለሁ። መድኃኒት የነካው ስለሆነ ለእህልም ለዱቄትም አይሆንም።

ስለ ዩሪያም ልናገር። በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ ማንኪያ ጨምራችሁ ብታማስሉት ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፤ ብርጭቆውም በእጃችሁ ላይ ቀዝቀዝ ይላል። አሸዋ ከተቀላቀለበት ግርጌው ላይ ይቀራል። ጨው ከሆነ ይሟሟል፣ ብርጭቆው ግን እንደዚያ አይቀዘቅዝም። ይህ ለዩሪያ ብቻ ነው፤ ኤንፒኤስ በተፈጥሮው ዝቃጭ ስለሚተው በዚህ መንገድ ፈትናችሁ ማህበሩን እንዳትከሱት።

ሚዛንን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፤ ከእኔ ይበልጥ እናንተ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። በአንድ ሊትር ሃይላንድ ሃያ ጊዜ ለክታችሁ በጀሪካን ያዙና የነጋዴው ሚዛን ላይ ስቀሉት። የባዶ ጀሪካኑን ክብደት ቀንሳችሁ ከሃያ ኪሎ በጣም ካነሰ እህላችሁን ወደ ቤት መልሱ።

አዲሱ በሽታ በስልክ የሚመጣው ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ ተሸክሞ ከመሄድ ስጋት ብዙዎቻችን ተገላግለናል። አታላዩም ግን አብሮ ተምሯል። ሰሊጥ ወይም በሬ ይገዛችሁና «ልኬልዎታለሁ፣ ይኸው መልእክቱ» ይላችኋል። መልእክቱን እሱ ራሱ ጽፎ በግል ቁጥሩ ሊልከው ይችላል። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። ከዚያም በላይ የሚታመነው የራሳችሁ ቀሪ ሂሳብ ነው፤ ማንበብ የማይችል አባል ልጁን ወይም የማህበሩን ሂሳብ ሠራተኛ ያስነብብ እንጂ ገዥውን አያስነብብ። «በስህተት ገንዘብ ገብቶብዎታል፣ መልሱልኝ» የሚል ሲደወልም እንዲሁ ሂሳባችሁን እዩ። የሚስጥር ቁጥር ለማንም አይነገርም፤ ለእኔም ቢሆን።

ቼክ የሚሰጥ ነጋዴ ካጋጠማችሁ እህሉ ከመጫኑ በፊት ባንክ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ያስቀጣል፤ ሰውዬው ከተገኘ ማለት ነው።

አሁን ኃላፊዎቻችንን ይቅርታ እየጠየቅሁ አንድ ነገር ልጨምር። አባታችን ከዚያ መኪና ላይ የገዙት ስስታም ወይም ሞኝ ስለሆኑ አይደለም። ዝናቡ ገብቷል፣ መሬቱ ታርሷል፣ የማህበራችን መጋዘን ግን ባዶ ነበር። ሦስት ጊዜ ተመላልሰው «የሚቀጥለው ሳምንት» ተብለዋል። አርሶ አደሩን «ከሕጋዊ አቅራቢ ብቻ ግዛ» ብዬ ሳስተምር ሕጋዊው አቅራቢ በወቅቱ መገኘት አለበት። ዘሩ መቼ እንደሚገባ በትክክል የማይታወቅ ከሆነም አይታወቅም ተብሎ ቢነገር ሰው የራሱን መላ ይመታል። ይህን ለወረዳው በጽሑፍም አቅርቤአለሁ።

ከማህበሩም ሆነ ከሌላ ስትገዙ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የሎት ቁጥሩን ከጀርባው ጻፉበት፤ ከዘሩም አንድ ጭብጥ በላስቲክ አስቀምጡ። አባታችን ደረሰኝም ናሙናም ስላልነበራቸው አቤት የምንልበት ቦታ አጥተን ቀርተናል፤ ሻጩም ዳግም በገበያችን አልታየም።

ያንን ባዶ ከረጢት ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ። በመውጫው በር አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ከዋናው ዘር ከረጢት ጎን ተቀምጧል። ስትወጡ ስፌቱን በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ አስተያዩት። ኬሚካል ስላለበት ወደ ምሳ ከመግባታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ውሃው በስተቀኝ በኩል ነው።