መንገዱን ማወቅ ርስት አይሁን

(ስለ ሕግ ትምህርት ቤት አገባብ፣ ስለ መግቢያ ፈተናና ስለ ወጪ መጋራት ለማኅበራችን አባሎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)




ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርዕስ ተራ የሚመስል ጥያቄ ነው። አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሕግ ለመማር ቢፈልግ በየት በኩል ይገባል? ምን ይፈተናል? ገንዘቡንስ ማን ይከፍላል? ነገር ግን ተራ ጥያቄ፣ መልሱን ለማያውቅ ሰው የተዘጋ በር ነው።

ይህን የምንናገረው እኛ የልደታ ልጆች ነን። ልደታ ሲባል የሰው ሁሉ አሳብ ወደ ፍርድ ቤቱ ይሄዳል። በየማለዳው ባለጉዳይ ወረቀቱን በፌስታል ይዞ ይመጣል፤ ማመልከቻ ጸሐፊው ወንበሩን ያወጣል፤ ጠበቃው ካባውን በክንዱ ላይ አድርጎ ይጣደፋል። ዳቦ ለመግዛት የተላከ ሕፃን እንኳ «ቀጠሮ»፣ «ይግባኝ»፣ «እግድ» የሚሉትን ቃላት እየሰማ ያድጋል። እንግዲህ ከዚህ ልጅ የበለጠ ለሕግ ጎረቤት የሆነ ማን አለ? ሆኖም ከልደታ እስከ ስድስት ኪሎ የሕግ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ በታክሲ የሚለካ ቢሆን ኖሮ ቅርብ ነበር። የሚለካው ግን በሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም በፈተና፣ በምርጫና በገንዘብ ነው። በእነዚህ በሦስቱ ላይ ወላጁ የተማረለት ልጅ ምክሩን በማዕድ ላይ ያገኛል። ወላጁ ያልተማረለት ግን ከወሬ ይለቅማል። ባጭሩ፣ መንገዱን ማወቅ እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሆኗል ማለት ነው። እኛ የምንቃወመው ይህን ርስት ነው።

አገራችን ለሙግት እንግዳ አይደለችም። «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ጠቡን ትቶ ይቆም ነበር፤ በበላ ልበልሃም ሙግት ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ በነገር አዋቂነቱ ይረታ ነበር። ያን ጊዜ የሕግ ትምህርት ቤት አደባባዩ ነበር። ዘመናዊው ሕግ ግን በመጽሐፍ መጣ። የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ በ1949፣ የፍትሐ ብሔሩና የንግዱ ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታወጁ። እነዚህን የሚያስተምር የሕግ ፋኩልቲም በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ተከፈተ። የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ፤ የዲግሪው ትምህርትም በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። ዛሬም በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ይሁን እንጂ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ላይ በአማርኛውና በእንግሊዝኛው መካከል ልዩነት ቢገኝ የሚጸናው አማርኛው ነው። የልደታው ባለጉዳይ የሚናገረው፣ ዳኛውም የሚጽፈው በአማርኛ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ሲሟገቱ እየሰማ ያደገው ልጅ፣ ወደ ሕግ ለመግባት መጀመሪያ የእንግሊዝኛን በር ማለፍ አለበት።

አሁን ወደ ፈተናው እንመለስ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኑ። ቁጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ ያስደስታል። ቢሆንም ከመቶ ልጆች ከዘጠና የሚበልጡት ከደጅ የቀሩበት ፈተና ነው።

ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርስቲዎች ገብተው በጥብቅ ቁጥጥር እንዲፈተኑ በመደረጉ ብዙ ሰው ያማርራል። በዚህ ነገር ግን እኛ ከአማራሪዎቹ ጋር አንስማማም። የተሰረቀ ፈተና ከሁሉ የሚጎዳው፣ ስርቆቱን የሚገዛበት ገንዘብ የሌለውን ልጅ ነውና። ነገር ግን በመጨረሻው ቀን መቆጣጠር ብቻውን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተሰጠውን ትምህርት አይተካም። በሩን ማጥበቅ ተገቢ ከሆነ፣ ወደ በሩ የሚወስደውን መንገድ መጥረግም ተገቢ ነው።

መንገዱን መጥረግ ማለት ምን ማለት ነው? አንደኛ፣ ሕግ ለመማር የሚያስብ ልጅ ሒሳብን አይናቅ። «ለጠበቃ ሒሳብ ምን ያደርግለታል?» እያሉ ደብተሩን የሚዘጉ ብዙዎችን እናውቃለን። የማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኝ ግን ከታሪክ፣ ከጂኦግራፊና ከኢኮኖሚክስ ጋር በሒሳብም፣ በእንግሊዝኛም፣ በአፕቲትዩድም ይፈተናል። አንዱን የጣለ ሰው ድምሩን ይጥላል። ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛ በሰዋስው ደንብ ብቻ አይጠናም። በየቀኑ አንድ ገጽ አንብቦ፣ መጽሐፉን ከድኖ፣ ያነበቡትን በአማርኛ ለጓደኛ መናገር ይበልጣል። ይህ ልምምድ ለፈተናውም ለወደፊቱ ችሎትም ይጠቅማል። ሦስተኛ፣ ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች በሰዓት እየተለኩ ይሠሩ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በመጨረሻው ሳምንት የተጠና ነገር በፈተናው አዳራሽ ውስጥ ይፈታል።

ፈተናውን ማለፍ ሕግ ትምህርት ቤት መግባት ማለት አይደለም። ይህንንም ብዙ ወላጆች አያውቁትም። አዲስ ገቢ ተማሪ በመጀመሪያ የሚወስደው የጋራ የሆኑትን ትምህርቶች ነው። ወደ ሕግ የሚመደበው በዚያ ጊዜ ባገኘው ውጤት፣ በምርጫውና በተከፈተው ቦታ ነው። «ገብቻለሁና ልረፍ» ያለ ልጅ የሚፈልገው ቦታ በሌላ ተይዞ ይጠብቀዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ በብሔራዊው ፈተና ላይ የራሱን የመግቢያ ፈተና ጨምሯል። ስለዚህ ስድስት ኪሎን የሚፈልግ ልጅ የማመልከቻውን ቀን ከራሱ ከዩኒቨርስቲው ማስታወቂያ ያንብብ እንጂ ከሰፈር ወሬ አይጠብቅ። በብሔራዊው ፈተና 50 በመቶ ያልሞላለትም ቢሆን ዕድሉ ሁሉ ተዘግቷል ብሎ ከቤት አይዋል። ለመቁረጫው ነጥብ ቀረብ ያሉት የማካካሻ ትምህርት ተከታትለው እንደገና የሚፈተኑበት መንገድ አለ።

ሦስተኛው በር ገንዘብ ነው። ከ1996 ዓ.ም. በፊት በመንግሥት ዩኒቨርስቲ ትምህርቱም፣ ምግቡም፣ መኝታውም ያለ ክፍያ ነበር። ከዚያ ወዲህ በወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። የሚከፍለው ግን ሲገባ ሳይሆን ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ፣ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ነው። በዚህ ላይ ሁለት ነገር እንድታስተውሉ እንለምናለን።

አንደኛው የሚያጽናና ነው። በመንግሥት ድጋፍ የተመደበ ልጅ ወላጁ በእጁ ገንዘብ ስለሌለው አይመለስም። «ከየት አምጥቼ ልክፈልልህ፤ ሥራ ፈልግ» የሚሉ እናቶችና አባቶች አሉ። ለእነዚህ ወላጆች ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በቤታቸው ሄዶ የሚነግራቸው ሰው ቢኖር አንድ ዳኛ ሊተርፍ ይችላል። በመንግሥት ድጋፍ መመደብና በራስ ከፍሎ መማር ግን የተለያዩ ስለሆኑ፣ ከመመዝገብ በፊት የትኛው እንደሆነ አጥብቆ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የሚያሳስብ ነው። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ ተመን ለብዙ ጊዜ ከቆየበት 22 ብር በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ እንዲል ተደርጓል። በ22 ብር ጠግቦ መማር ስለማይቻል ጭማሪው ተገቢ ነው። ነገር ግን እስቲ ሒሳቡን እናስላው። በዓመት 300 ቀን ቢበላ 30,000 ብር፣ በሕግ ትምህርት አምስት ዓመት 150,000 ብር ይሆናል። ይህ ሁሉ በተማሪው ላይ ቢቆጠርና ተመራቂው በወር 10,000 ብር ቢያገኝ፣ በወር 1,000 ብር እየተቆረጠበት ለምግቡ ብቻ 150 ወር፣ ማለት አሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ይከፍላል። በዚህ ላይ የታክሲው፣ የፎቶ ኮፒውና የልብሱ ወጪ በማንም ደንብ አልተሸፈነም።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1731 ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚጸና ይነግረናል። የወጪ መጋራቱ ቅጽም ውል ነው። ለብዙዎቻችን በሕይወታችን የፈረምነው የመጀመሪያው ውል ይኸው ነው። ሆኖም በምዝገባ ሰልፍ ላይ፣ የኋላው ሰው እየገፋ፣ ሳይነበብ ሲፈረም በየዓመቱ እናያለን። ከቤቱ እየተመላለሰ የሚማር ልጅ ያልበላው ምግብና ያልተኛበት አልጋ እንዳይቆጠርበት ምርጫውን አስተውሎ ይሙላ፤ ቅጂውንም ይጠይቅ፤ ያስቀምጥ። የራሱን ውል ሳያነብ የፈረመ ሰው ነገ የሌላውን ውል ሊተረጉም እንዴት ይታመናል?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «የሕግ ምሩቅ ሥራ አጥቶ እያየን ሌላ ምሩቅ ለምን እንጨምራለን?» ይላሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሕግ የጨረሰ ሁሉ ጠበቃ አይሆንም። የመውጫ ፈተና አለበት፤ ይህም ፈተና በሕግ ትምህርት የተጀመረው ለሌሎቹ ከመደረጉ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። ለጥብቅናም በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል። ነገር ግን የእኛ ጥያቄ የምሩቃኑ ቁጥር ይብዛ የሚል አይደለም፤ ያሉትን ጥቂት ቦታዎች እነማን ያገኛሉ የሚል ነው። ከባለጉዳይ ቤት የወጣ ዳኛ፣ ቀጠሮ አንድ ጊዜ ሲተላለፍ ለቀን ሠራተኛ የስንት ቀን እንጀራ እንደሚያስቀር ያውቃል። ይህን ዕውቀት አምስት ዓመት ቢማሩት በክፍል ውስጥ አያገኙትም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር እናቀርባለን። በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ በልደታ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች እንግሊዝኛና ሒሳብ በነፃ እናስጠና። የፈተናውን፣ የማመልከቻውንና የምርጫውን አካሄድ በአንድ ገጽ አማርኛ አባዝተን በየትምህርት ቤቱና በየወረዳው ጽሕፈት ቤት እንለጥፍ። በምዝገባ ሰሞን ደግሞ ከፍ ያሉት የሕግ ተማሪዎች የወጪ መጋራቱን ቅጽ ለአዲስ ገቢዎች ከመፈረማቸው በፊት ያንብቡላቸው። መምህራኖቻችንም የምናባዛውን ወረቀት እንዲያርሙልን በትሕትና እንለምናለን።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ ጠመኔና የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ፈቃደኞች የሆናችሁ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ፤ የሚቀጥለው ፈተና ቀኑን ቆርጦ እየመጣ ነውና።