በኩሬ ውስጥ እናቲቱን ዓሣ ስለ መጠበቅ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ስለ ዓሣ ልንናገር ስንነሣ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንደምትሉ እናውቃለን። አቀስታ የገብስና የበግ አገር ናት፤ ውርጩም የታወቀ ነው። ዓሣ የፈለገ ሰው ወደ ሐይቅ ወይም ወደ በሽሎ ይወርዳል እንጂ ወደ እኛ አይወጣም። ነገር ግን ከግቢያችን በታች ባለው ረግረግ የዓሣ ኩሬ ይቆፈር የሚል ሐሳብ ከተነሣ ወዲህ በመካከላችን ክርክር አለ። አንድ ኩሬ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እኛ ደግሞ ሁለት ያስፈልጋል እንላለን። ምክንያታችን እናቲቱ ዓሣ ናት።

በመጀመሪያ ስለ ዓሣው ዓይነት እንናገር። በሐይቅ የሚገኘው ቆሮሶ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከሌላ ስፍራ መጥቶ የተጨመረ ነው፤ ሙቀት ስለሚወድ ግን የኛን ብርድ አይችልም። ካርፕ የሚባለው ዓሣ፥ በቆቃና በዝዋይ ሐይቆች በብዛት የሚገኘው፥ በአውሮፓ ክረምት ከበረዶ በታች ሳይቀር የሚኖር ነው። በጃፓን አገር ለጌጥ የሚረቡት ኮይ የተባሉት ባለ ቀለም ዓሦችም የካርፕ ወገን ናቸው፤ የኒጋታ ባላገሮች በ19ኛው መቶ ዘመን ከሩዝ ማሳቸው ኩሬዎች መርጠው አረቧቸው። ባላገር ከጀመረው እኛ ምን ያግደናል?

እንግዲህ ውኃው በፀሐይ ሞቆ 18 ወይም 20 ዲግሪ ሲደርስ ካርፕ ለመራባት ይነሣል። የሴቲቱ ሆድ በዕንቁላል ይነፋል፤ አንድ ኪሎ የምትመዝን እናት ከመቶ ሺህ በላይ ዕንቁላል ትይዛለች። ወንዶቹ በራሳቸውና በስንጥባቸው ክዳን ላይ እንደ አሸዋ የሚሻክር ነጫጭ ነጥብ ያወጣሉ። ንጋት ላይ ሁለት ሦስት ሆነው፥ አንዳንዴም ከዚያ በዝተው ይከተሏታል፤ ጎኗንና ሆዷን በራሳቸው እየገፉ ወደ ሣሩ ይነዷታል። ዕንቁላሉ ሲወጣ ዘራቸውን ይረጩበታል፤ የሚያጣብቅ ስለ ሆነም በሣሩ ላይ ይለጠፋል። ይህ ሁሉ ለሰዓታት ይቆያል። ነገሩ ጥል አይደለም፤ ሴቲቱን የሚጎዳት ግን እንደ ጥል ነው። ቅርፊቷ ይነቀላል፥ ክንፏ ይቀደዳል፥ ከድንጋይ ጋር ትጋጫለች፤ አንዳንዴም ከኩሬው ዘልላ ወጥታ በደረቅ መሬት ትሞታለች። ከዚያ የተረፈችውን ደግሞ ቁስሏ ላይ እንደ ባዘቶ ጥጥ ያለ ነጭ ሻጋታ ይወጣባትና ከቀናት በኋላ ትጠፋለች። ባለቤቱ በሽታ ገባ ይላል።

አንድ አባት ይህን ስንነግራቸው «ልጆቼ፥ ፍጥረት የራሱን ሥርዓት ያውቃል፤ እናንተ ምን አገባችሁ?» አሉን። ቃላቸውን እናከብራለን፤ ለሐይቅም ቢሆን ልክ ነው። በሐይቅ የደከመች ሴት ደንገል ውስጥ ትገባለች፥ ወደ ጥልቁም ትወርዳለች። እኛ በአካፋ የምንቆፍረው አሥር እርምጃ የማይሞላ ጉድጓድ ግን መሸሸጊያ የለውም። ሥርዓቱን ያጠበብነው እኛው ነን።

ቆሮሶም ቢሆን እንዲሁ ነው። ወንዱ ጎጆውን በውኃው ወለል ላይ ቆፍሮ ይጠብቃል፤ ዕንቁላሏ ያልደረሰላትን ሴት እየነከሰ ያሳድዳል፥ በጠባብ ስፍራ ሲሆን ይገድላታል። ስለዚህ በአንዳንድ የዓሣ ማራቢያዎች የወንዱን የላይኛ ከንፈር ይቆርጣሉ። እኛ ይህን አንወደውም፤ ስፍራ መስጠት ከመቁረጥ ይሻላል።

ለካርፕ ያለው ዘዴ ከባድ አይደለም። ወንድና ሴት የመራቢያው ወራት ሳይደርስ በየኩሬያቸው ይለያሉ። ቀኑ ሲደርስ ለአንዲት እናት ሁለት ወንድ ብቻ ይመደባል፤ አንዲቱን በአምስትና በስድስት መካከል መተው አደጋ ነው። ሹል ድንጋይ ይነሣል፤ በምትኩ ቄጤማ ወይም የተበጠረ ቃጫ በእንጨት ታስሮ ይንሳፈፋል፥ እርሷ በለስላሳ ነገር ላይ ትጋፋለች፥ ዕንቁላሉም በዚያው ይያዛል። ሲያበቃ እናቲቱ በእርጥብ መረብ ቀስ ተብላ ትወጣለች፤ በአንድ ሊትር ሦስት ግራም ያህል ጨው በገባበት ንጹሕ ውኃ ብታርፍ ቁስሏ ቶሎ ይሽራል። ወንዶቹም ይወጣሉ፤ ወላጆቹ ራሳቸው ዕንቁላሉን ይበሉታልና። በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ ዱቢሽ በተባለ ሰው ስም የታወቀው አሠራር ይህንኑ ይመስላል፤ ሣር በበቀለበት ትንሽ ጥልቀት የሌለው ኩሬ አራብቶ ወላጆቹን ወዲያው ማውጣት ነው።

የእናት ዓሣ መጥፋት ምን እንደሚያመጣ ለማየት ሩቅ አንሄድም። በጣና ትልልቆቹ ነጭ ዓሦች በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ይወጣሉ። ዓሣ አጥማጆች በወንዙ አፍ መረብ ዘርግተው ዕንቁላል የያዙትን እየያዙ፥ ከ1991 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ቍጥራቸው ሦስት አራተኛ ያህል እንደ ቀነሰ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ያን ያህል ትልቅ ሐይቅ ይህን ካልቻለ፥ ሦስት ወይም አራት እናት ብቻ የሚኖሩት የኛ ኩሬ አንዲቱን ቢያጣ የዓመቱ ጫጩት ሩብ ወይም ሢሶ ሄደ ማለት ነው።

አሁን ጥያቄያችንን እናቅርብ። ሁለተኛው ኩሬ ትልቅ አይሁን፤ ስፋቱ አራት እርምጃ በስድስት፥ ጥልቀቱ እስከ ጕልበት ይበቃል። ገንዘብ አንጠይቅም። ከወላጆች አካፋና ዶማ፥ ከመምህራንም የቅዳሜን ጧት ፈቃድ እንለምናለን። ስፍራውን ለክተን ከምንጩ በስተግራ አራት ችካል ተክለናል፤ ከበዓሉ በኋላ ወርዳችሁ እንድታዩት በአክብሮት እንጋብዛለን።