የእንጨት ለቃሚዋ ዘፈን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ሊቀመንበራችን «ያንን የድሮ ዘፈን ቤትሽ ውስጥ እንዴት እንደቀዳሽው ንገሪን» ስላለችኝ ነው የቆምኩት። ደጋፊዎቻችን እንዳትሰጉ አስቀድሜ ልናገር፤ የሠራሁበት ኮምፒውተር ለማኅበሩ ሒሳብ የተለገሰው አይደለም፣ የልጄ አሮጌ ላፕቶፕ ነው።

በ1976 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ በአንድ የከፍተኛ ኪነት ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ያኔ የምንዘምረው አብዛኛው ስለ አብዮቱ ነበር። ይህ ዘፈን ግን ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ስለምትወርድ ሴት ነው፤ መድረክ ላይም አልወጣም። አንድ ቀን ልምምድ ካለቀ በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ ቆመን፣ በአንዲት ቴፕ ቀዳነው። ድራም፣ ቤዝ፣ ክራር፣ ኦርጋን፣ ሦስት ሴት ድምፃውያን ነበርን። ያንን ሸክም በጀርባዋ የምታውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት እንዳለች ታውቃላችሁ። ዘፈኑ ካሴት ውስጥ ታሽጎ እንዲያረጅ ያልፈለግኩት ለዚህ ነው።

ካሴቱ ግን አርጅቷል። ድራሙ የሩቅ በር የሚንኳኳ ይመስላል፤ ቤዙ እንዳለ የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። እነዚህን በኮምፒውተር መሣሪያዎች ተካኋቸው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ባለሙያ እውነተኛ ድራም ቀስ እያለም በኃይልም እየመታ ድምፁን ቀድቶ አስቀምጦታል። እኔ ትንሿን ኪቦርድ ስነካ ኮምፒውተሩ ያንን ድምፅ ያወጣል። ኪቦርዷ የራሷ ድምፅ የላትም፤ የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተነካ ብቻ ነው የምትናገረው። የምቀዳበት ፕሮግራም ሪፐር ይባላል፤ ለ60 ቀን በነፃ ይሞከራል፣ ከዚያ በኋላ ለግል ሥራ 60 ዶላር ነው።

አንድ ሰው ብቻውን ባንድ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ «ሸሞንሟናዬ»ን ሲሠራ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዶቹን፣ ምቱን ሁሉ ራሱ ነው የያዘው። እኔ እሱ ነኝ አላልኩም፤ መንገዱ የተረገጠ መሆኑን ለመንገር ነው።

ከባዱ ነገር ሦስተኛዋ ድምፃዊታችን ነበረች። አንዷ ጓደኛችን ዛሬ አሜሪካ ናት፤ ድምፅዋን እዚያው ቀድታ በቴሌግራም ላከችልኝ። ሦስተኛዋ ግን ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። ሁለተኛውን ቤት ብቻዋን በክራር ያዜመችው እሷ ናት። ልጄ «የሰው ድምፅ አስመስሎ የሚዘፍን ፕሮግራም አለ» አለኝ። አለ፣ አይቼዋለሁ። እሷን አስመስሎ እንዲዘፍን ማድረግ ግን አልፈለግኩም፤ እሷ ያልተናገረችውን በእሷ አፍ ማናገር ነው የሚሆንብኝ። ሴት ልጇን ሄጄ አማከርኳት። ካሴቱን እየሰማች ነው ያደገችው። «እናቴን የማውቃት በዚህ ድምፅ ነው፤ አትንኪው» አለችኝ። ስለዚህ ሁለተኛው ቤት ከነክራሩ፣ ከነሹክሹክታው፣ ከካሴቱ እንዳለ ገባ።

ይህ ውሳኔ ሥራውን ሁሉ ገለበጠው። እሷ ካልተነካች ኮምፒውተሩ ነው እሷን መከተል ያለበት። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር እንዲሄድ ነው የተሠራው፤ የኛ ቴፕ ግን በደከመ ድንጋይ ስለቀዳ ዘግይቶ ሄዷል። በደህና ቴፕ ሲሰማ ደግሞ ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ከኦርጋኑ ጋር ሳስተያየው በሁለት ቁልፎች መሀል ወደቀ። ፕሮግራሙ አንዱን ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ብሎ ስለሚከፋፍለው ሁሉንም መሣሪያ 30 ሴንት ከፍ አድርጌ ከእሷ ጋር አቃናሁት። ችግሩ እኔም እዚያ ከፍታ ላይ መዝፈን ነበረብኝ፤ ስልሳ ካለፈኝ በኋላ የሃያ ዓመት ልጅን ድምፅ ማሳደድ ምን እንደሚመስል ጎረቤቶቼን ጠይቁ።

ምቱም እንዲሁ። ኮምፒውተሩ ሲከፈት በደቂቃ 120 ምት ብሎ፣ እንደ ሰዓት ቀጥ ብሎ ይጠብቃል። የኛ ባንድ ግን ሲሞቀው ይፈጥን ነበር። ዝግጁ ሆነው የሚመጡት የድራም ምቶችም አብዛኞቹ በአራት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የኛ ቺክቺካ በስድስት ነው። ስለዚህ ካሴቱን እየሰማሁ እያንዳንዱ ዙር የሚጀምርበትን ቦታ በእጄ ምልክት አደረግኩ። አሥራ አንድ ማታ ፈጀብኝ። አሁን ድራሙ ወደ እሷ ሲደርስ ይጠብቃታል፤ ስትጨርስ አብሯት ይነሣል።

ክራርና ጭብጨባ ከኮምፒውተር አልወሰድኩም። የክራር ደርዳሪ ግራ እጅ የማይፈለጉትን ክሮች አፍኖ፣ የሚፈለጉትን ይለቃል፤ ግርፉን ግርፍ የሚያደርገው ይህ ነው፣ ቁልፍ በመጫን አይመጣም። የጎረቤቴ ልጅ ተጫወተልኝ። ጭብጨባውና እልልታው የሰኞ ቡድን እኅቶቻችን ነው፤ መስኮቱ ላይ ጋቢ ሰቅለን ቀዳነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። አንዳንዶቻችሁ በባዛራችን እንሽጠውና ገቢው ለተዘዋዋሪ ብድሩ ይሁን ብላችኋል። ሐሳቡ ደስ ይለኛል። ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ግጥሙንና ዜማውን የደረሰው ኦርጋን ተጫዋቻችን ዛሬ በሕይወት የለም፤ ልጆቹ ፈርመውልኛል። የሟቿ ልጅም፣ ድራመሩም፣ ባለክራሩም ፈርመዋል። የቤዝ ተጫዋቹ ወገኖች ቀርተዋል። የሱን ጨዋታ በኮምፒውተር ስለተካሁት አያስፈልግም የሚል ይኖራል። ያንን የቤዝ ዜማ የፈጠረው ግን እሱ ነው፤ እኔ ጆሮዬን ካሴቱ ላይ ደቅኜ ለቃቀምኩት እንጂ። በአሮጌው ካሴት ላይ «ኪነት» ከሚል በቀር የማንም ስም አልተጻፈም። በአዲሱ ላይ የሁላችንም ይጻፋል፤ የሱ ቤተሰብ ሳይስማማ አንድም ቅጂ እንዳይሸጥ እጠይቃለሁ።

ቤታቸው ከሾላ ገበያ በላይ ነበር፤ ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ የት እንደገቡ አላወቅሁም። የምታውቁ ካላችሁ ከስብሰባው በኋላ አነጋግሩኝ።

መብራት ሳይሄድ ላሰማችሁ። ሁለተኛው ቤት ላይ ሲሻክር ስፒከሩ ተበላሽቶ አይደለም።