ሲቆሙ የሚወድቅ፣ ሲተኙ የሚወጣ የደም ግፊት
በዋሽንግተንና በአካባቢው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የማኅበረሰብ ውይይት የቀረበ ጽሑፍ

ራስ ገዝ ሥርዓተ ነርቭ የሚባለው ሰው ሳያስበውና ሳያዝዘው የልብን ምት፣ የደም ሥሮችን መጥበብና መስፋት፣ ላብን፣ የምግብን መፈጨት፣ የፊኛንና የዓይን ብሌንን ሥራ የሚቆጣጠር የነርቮች መረብ ነው። ሰው ከተኛበት ብድግ ሲል ከ500 እስከ 800 ሚሊ ሊትር የሚደርስ ደም ወደ ሆድና ወደ እግር ይወርዳል፤ በጤነኛ ሰው ዘንድ በአንገት ደም ቅዳና ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ላይ ያሉ የግፊት ጠቋሚዎች ይህን ወዲያው ለአንጎል ግንድ ያስታውቃሉ፣ እርሱም ነርቮቹ ኖርኤፒነፍሪን የተባለውን ንጥረ ነገር እንዲያመነጩ በማድረግ የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ ልብንም ያፈጥናል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰከንዶች ስለሚፈጸም ማንም ልብ አይለውም። ነርቮቹ በተጎዱበት ሰው ግን ትእዛዙ ከደም ሥሮቹ አይደርስም፣ ደሙ ከታች ይቀራል፣ ግፊቱ ይወድቃል፣ አንጎልም የሚበቃውን ደም ያጣል።

የዚህ ጽሑፍ ትኩረት በሕክምናው ዓለም ‹ፒዩር አውቶኖሚክ ፌይለር› የሚባለው፣ በአማርኛ የራስ ገዝ ነርቮች ብቸኛ መድከም ሊባል የሚችለው ብርቅ ሕመም ነው። ‹ብቸኛ› የሚለው ቃል የገባው ሕመሙ እንቅስቃሴንና አእምሮን ሳይነካ ራስ ገዝ ነርቮችን ብቻ የሚጎዳ በመሆኑ ነው። ብራድበሪና ኤግልስተን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1925 ሲቆሙ ራሳቸውን ይስቱ የነበሩ 3 ሕመምተኞችን ሁኔታ ጽፈው ካሳተሙ ወዲህ የታወቀ ሲሆን፣ መነሻው አልፋ ሳይኑክሊን የተባለ ፕሮቲን በነርቮቹ ውስጥ ያለ አግባብ መከማቸቱ ነው። ይኸው ፕሮቲን በፓርኪንሰን ሕመምም ውስጥ ስላለ፣ ከሕመምተኞቹ አንዳንዶቹ ከዓመታት በኋላ ወደ ፓርኪንሰን ወይም ወደ መሰል ሕመሞች ይሻገራሉ፤ ስለዚህ ክትትሉ በነርቭ ሐኪም ዘንድ ሊቀጥል ይገባዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከጉልምስና በኋላ ነው፤ በተለምዶ ከወላጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም።

ምልክቶቹ ቀስ ብለው ስለሚመጡ ለእርጅና ወይም ለድካም ይሰጣሉ። ሲቆሙ ማዞርና የዓይን መጨለም፣ ነጠላ በሚያርፍበት ቦታ ማለትም ከአንገት እስከ ሁለቱ ትከሻዎች የሚሰማና ሲተኙ የሚጠፋ ሕመም፣ የላብ መቀነስ፣ የሆድ ድርቀት፣ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሳት፣ በወንዶች ዘንድ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመጣ የሚችለው የወሲብ ችግር ዋና ዋናዎቹ ናቸው። በሕልም መሀል መጮህና መራገጥ፣ እንዲሁም የማሽተት ስሜት መጥፋት ከታከሉበት ለሐኪሙ ሊነገሩ ይገባል፤ ሕመሙ ወደ ፓርኪንሰንና ወደ መሰሎቹ ሊያመራ እንደሚችል ጠቋሚ ሊሆኑ ይችላሉና። ችግሩ ጠዋት ጠዋት፣ ከከባድ ምግብ በኋላ፣ በሙቀትና በሙቅ ውሃ ሲታጠቡ ይብሳል።

ይህ ርእስ ለውይይት እንዲቀርብ ያስገደደው የአቅራቢው የቅርብ ዘመድ በሆኑ አንዲት እናት ላይ የደረሰው ነው። እኚህ እናት የልጅ ልጆቻቸውን ለማሳደግ ከአገር ቤት የመጡ ሲሆን፣ ማዞሩ ሲጀምራቸው በአገር ቤት ልማድ ‹ደም ማነስ ነው› ብለው ለሐኪሙ አስነገሩ፤ ያስተረጎሙትም በ11 ዓመት የልጅ ልጃቸው ነበር። ሕፃኑ ቃሉን እንደ ሰማው ስለተረጎመው የብረት ክኒን ታዘዘላቸው፣ ክኒኑም ቀድሞ የነበረውን የሆድ ድርቀት አባሰው። ከወራት በኋላ በአንድ የሕክምና ተቋም አልጋ ላይ እንደተኙ ግፊታቸው ሲለካ ከ170 በላይ ሆኖ ስለተገኘ የግፊት ማውረጃ መድኃኒት ተሰጣቸው። በዚያው ሳምንት ሌሊት ለሽንት ሲነሡ ወደቁና የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መራመድ የምታለማምዳቸው ባለሙያ ቆመው ሳሉ ስትለካቸው ግፊቱ ከ90 በታች ነበር። እስከዚያች ቀን ድረስ ቆመው እንዲለኩ ያደረገ ማንም አልነበረም፤ ቤተሰቡም እንዲህ ያለ ልኬት እንዳለ ስለማያውቅ አልጠየቀም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው የቋንቋ ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛ ‹ደም ማነስ› የሚለው አነጋገር የቀይ የደም ሕዋሳትን እጥረትም፣ የግፊትን መውረድም፣ አንዳንዴም ተራ ድካምን ይሸፍናል፤ ‹ደም ግፊት አለብኝ› ሲባል ግን ሁልጊዜ የግፊት መጨመር ማለት ነው። ‹ነርቭ› የሚለውም ቃል በሰፊው ሕዝብ ዘንድ ከቁጡነትና ከአእምሮ መታወክ ጋር ስለተያያዘ፣ ‹የነርቭ ሕመም ነው› የተባለ ሰው አብዷል የተባለ መስሎት ሐኪሙን ጥሎ ሊሄድ ይችላል። ‹ማዞር› የሚለውም ለብቻው አይበቃም፤ ቤቱ የሚሽከረከርበትና ሲቆም ዓይኑ የሚጨልምበት ሰው የተለያየ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ የሕመሙን ስም ራስ አውጥቶ ከመናገር ይልቅ ‹ስቆም ይጨልምብኛል፣ ስቀመጥ ወይም ስተኛ ይተወኛል› ብሎ የሆነውን መግለጽ ለሐኪሙ እጅግ የተሻለ መንገድ ያሳየዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአሜሪካ የጤና ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የሕክምና ተቋማት አድልዎ እንዳይፈጽሙ ይከለክላል፣ እንግሊዝኛ ለማይችል ሕመምተኛም ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታቸው ነው፤ ከድንገተኛ አደጋ በስተቀርም በሕፃን ልጅ ማስተርጎም አይገባም። ልጁን ከዚህ ሸክም ማሳረፍ ለልጁም ሆነ ለአያቱ ደኅንነት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የልኬት ነው፣ ሰው የሚሰበረውም እዚህ ላይ ነው። ራስ ገዝ ነርቮቹ የደከሙ ሰው ግፊቱን ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ማስተካከል ስለማይችል ሲቆም የሚወድቀው ግፊት ሲተኛ ከመጠን በላይ ይወጣል፤ ይህ ከሕመምተኞቹ በግማሽ ያህሉ ላይ ይታያል። አልጋ ላይ ብቻ የለካ ሐኪም የሚያየው ከፍተኛ ግፊትን ነው፣ የሚያዝዘው መድኃኒትም የቆመውን ሰው ይጥለዋል። ትክክለኛው አለካክ ሕመምተኛው ለ5 ደቂቃ ያህል ተጋድሞ ከተለካ በኋላ ቆሞ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ እንደገና እንዲለካ ማድረግ ነው፤ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሲቆሙ የሚወርድ ግፊት መኖሩ ይረጋገጣል። የልብ ምቱም አብሮ መጻፍ አለበት፤ ምክንያቱም ውሃ ያነሰው ሰው ግፊቱ ሲወርድ ልቡ ይፈጥናል፣ ነርቮቹ የደከሙበት ሰው ልብ ግን እምብዛም አይፈጥንም። በቤት ውስጥ መለኪያ ያለው ሰው አጠገቡ የሚደግፈው ሰው አቁሞ ጠዋት ከመኝታ ሲነሣ፣ ከምሳ በኋላና ማታ ከመተኛቱ በፊት ለአንድ ሳምንት ለክቶ የጻፈው ወረቀት ሐኪሙ ፊት ከብዙ ንግግር ይልቅ ይናገራል።

ይህ በተነገረ ጊዜ ከተሰብሳቢው የመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ የግፊት መድኃኒት የሚውጡ ወላጆች ያሏቸው ሁሉ መድኃኒቱን ያስቁሙ ወይ የሚል ነበር፤ ጭንቀቱ ተገቢ ቢሆንም መልሱ አያስቁሙ ነው። እጅግ የሚበዛው የግፊት ሕመምተኛ መድኃኒቱ ሕይወቱን የሚጠብቅለት ስለሆነ ሊደረግ የሚገባው ቆሞ መለካትና ውጤቱን ለሐኪም ማቅረብ ብቻ ነው። አብረው መታየት ያለባቸው ሌሎች መድኃኒቶችም አሉ፤ ሽንት የሚያሸኑ ክኒኖች፣ ለፕሮስቴት እጢ የሚሰጡ እንደ ታምሱሎሲን ያሉት፣ እንዲሁም ከሰው ተደብቀው የሚገዙት እንደ ቫያግራ ያሉት ግፊትን ያወርዳሉ። ከየሐኪሙ የታዘዙትን ሁሉ፣ ከአገር ቤት የመጡትንም ጭምር፣ በአንድ ከረጢት ይዞ መቅረብ ይጠቅማል። ራስ ገዝ ነርቮችን ከሚጎዱት ሁሉ በብዛት የሚገኘው የስኳር ሕመም መሆኑም ተነሥቷል፤ ይህ ብርቅ ሕመም የሌለበት ነገር ግን ስኳር ያለበት ሰው ቆሞ መለካቱ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕመሙን ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ኑሮን የሚያስችሉ ብዙ መንገዶች ግን አሉ። ግማሽ ሊትር ውሃ በአንድ ጊዜ መጠጣት በደቂቃዎች ውስጥ ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ ጠዋት ከአልጋ ከመውረድ በፊት ቢጠጣ ይረዳል። ጨውን በተመለከተ ለሌላው ሁሉ ‹ቀንስ› የሚባለው ለእነዚህ ሕመምተኞች ይገለበጣል፤ ልባቸውና ኩላሊታቸው ጤነኛ ከሆነ ሐኪሙ ጨው እንዲጨምሩ ሊያዝዝ ይችላል፣ በአንድ ማእድ የሚቀርቡ ባልና ሚስት አንዱ ጨው የተከለከለ ሌላው የታዘዘለት ሲሆኑ ግን ወጡን ለሁለቱም በልክ ሠርቶ ጨውን በየድርሻው መጨመር ይሻላል። ሆድን በሚለጠጥ ሰፊ መታጠቂያ ማሰር ደም በሆድ ውስጥ እንዳይጠራቀም ያግዛል፤ የአገር ቤት እናቶች መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ሲታጠቁ ወገባቸው እንደሚጸና የሚናገሩትን ለሰማ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፣ መታጠቂያው ግን በልክ የተሠራ ሆኖ ከመነሣት በፊት ሊታሠር፣ ሲተኙም ሊፈታ ይገባዋል። የአልጋው ራስጌ ከ10 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል የሌሊቱን ከፍተኛ ግፊትና የሌሊቱን ሽንት ይቀንሳል። ከመድኃኒቶቹ ፍሉድሮኮርቲሶን ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ ያቆያል፣ ሚዶድሪን ደግሞ የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ሚዶድሪን የዋጠ ሰው ለ4 ሰዓት ያህል በጀርባው መጋደም የለበትም፣ ለዚህም ነው የማታው ክኒን ከመኝታ በፊት መዋጥ የማይገባው። ሚዶድሪን በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን፣ ወደ ኖርኤፒነፍሪን የሚለወጠው ድሮክሲዶፓ እ.ኤ.አ. በ2014 ተፈቅዷል።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ እጅ ያስነሣው የጾምና የቅዳሴ ጉዳይ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ መቆየትና ቅዳሴን ከዳር እስከ ዳር ቆሞ ማስቀደስ ለእነዚህ ሕመምተኞች ሁለት አደጋዎችን በአንድ ቀን ያጣምራል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት ውስጥ ሠርተው ረመዳንን የሚጾሙ ወገኖችም ሁኔታ ከዚህ የተለየ አይደለም። በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በእስልምና ሕመምተኛ ከጾም የሚያርፍበት ሥርዓት ስላለ፣ የንስሐ አባትን ወይም የሃይማኖት መምህርን ሳይፈሩ ማማከር ይገባል። ቆሞ ማስቀደሱን ለማይተዉት መቋሚያ ይዞ ከግድግዳ አጠገብ መቆም፣ እግርን አጣምሮ ጡንቻን ማጠንከርና ዓይን መጨለም ሲጀምር ሳያፍሩ መቀመጥ ይረዳል። ቡና የሚያፈሉ ሴቶችም ከዝቅተኛ በርጩማ ድንገት ብድግ ማለት እንደሚጥላቸው፣ በተለይ እጃቸው ላይ ፍል ውሃ ያለበት ጀበና ካለ አደጋው እንደሚከፋ ቤተሰቡ ሊያውቅ ይገባል።

ራሱን ደጋግሞ የሚስት ሰው ዛር ወይም ዓይነ ጥላ አለበት ስለሚባለው የተጠየቀው በሹክሹክታ ነበር፤ ስለዚህ ጉዳይ በአደባባይ መነጋገሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሲቆም የሚወድቅና ሲጋደም የሚነቃ ሰው በመለኪያ የሚታይ ምክንያት አለው። ጠበል መጠመቅን የሚከለክል ሐኪም የለም፤ ነገር ግን ተጠማቂው የሚደግፈው ሰው ከአጠገቡ እንዲኖር፣ መድኃኒቱንም ‹እምነት ማጉደል ነው› ብሎ እንዳያቋርጥ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ አንዲት ወጣት እናቷ በቤተ ክርስቲያን ሲወድቁ ምን ማድረግ እንዳለባት ጠይቃለች። በልማድ የወደቀውን ሰው ብብቱን ይዘው ያነሡታል፣ ወንበር ላይ ያስቀምጡታል፣ ክብሪት ያሸቱታል፤ ሰውየውን ቀና ማድረጉ ግን ደም ያጣውን አንጎል ይበልጥ ያስርበዋል። የሚገባው በጀርባው አጋድሞ እግሮቹን ከፍ ማድረግ፣ አንገቱን ያጠበቀውን መፍታት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪነቃም በአፉ ምንም አለመስጠት ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ካልነቃ፣ ደረቱን ካመመው፣ ከተንዘፈዘፈ ወይም ጭንቅላቱን ከመታው 911 ይደወላል። ሲነቃም ወዲያው አይነሣም፤ መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ይዘውት ይቆማል፣ መለኪያ ካለም ቆሞ ይለካል፤ ሰዓቱና ቁጥሩም በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፋል።