የእንጉዳይ ስፖርና አዮዲን፦ ከጥሊሊ አካባቢ ናሙናዎች በመነሣት



በጥሊሊ ዙሪያ ክረምቱ ሲጠና ከግጦሹ፣ ከባሕር ዛፉ ሥርና ከፈረስ ፋንድያው ላይ ብቅ የሚለውን ሁሉ ብዙው ሰው በአንድ ስም «የጅብ ጥላ» ብሎ ያልፈዋል። ስሙ ያምራል፤ ማስጠንቀቂያም አለበት። ይሁን እንጂ የሚበላውንም ገዳዩንም በአንድነት የሸፈነ ስም ለሳይንስ አይበቃም። ኖቡኮ ቱኖ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደገለጹት፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚኖሩት ማጃንግሮች እንጉዳይን በዓይነት በዓይነቱ እየለዩ ይመገባሉ። እኛ ደገኞች ግን ባለማወቅም በፍርሃትም ርቀናል። ፍርሃቱን አልነቅፍም፤ ዕውቀት እስኪተካው ድረስ ሕይወት አድኗልና።

እንጉዳይን መለየት የሚጀመረው ያለ ማይክሮስኮፕ ነው። ቆቡን ከእግሩ ቆርጣችሁ በብርጭቆ ላይ ደፍታችሁ ብታሳድሩት፣ ሲነጋ የረገፈው ስፖር አሻራውን ትቶ ታገኙታላችሁ። ስዊድናዊው ኤልያስ ፍሪስ እ.ኤ.አ. ከ1821 ጀምሮ ባሳተመው ሥራ ባለ ቆብ እንጉዳዮችን የከፋፈለው በዚህ አሻራ ቀለም ነበር፤ ነጭ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማ፣ ጥቁር እያለ። ችግሩ ነጭ አሻራ ያላቸው እጅግ መብዛታቸው ነው። በባዶ ውሃ ውስጥ ስታዩአቸው ስፖሮቻቸው ቀለም የለሽ የብርሃን ጠብታዎች ይመስላሉ፤ አንዱን ከሌላው መለየት ያታክታል።

መፍትሔው የመጣው ከቼክ አገር ነው። ቫጽላቭ ሜልዘር የሩሱላን ስፖሮች ሲያጠና፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ውሁድ አስተዋወቀ። በተለመደው ቀመር 0.5 ግራም አዮዲን፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ፣ 20 ሚሊ ሊትር ውሃና 20 ግራም ያህል ክሎራል ሃይድሬት ይገባበታል። አዮዲኑ ቀለሙን ይሰጣል፤ ክሎራል ሃይድሬቱ ደግሞ ናሙናውን አጥርቶ ብርሃን እንዲያልፍ ያደርጋል። ድንች ላይ አዮዲን ጠብ ስታደርጉ የሚታየው ጥቁር ሰማያዊ ቀለም በአንዳንድ ስፖሮች ግድግዳ ላይም ይታያል፤ እነዚህን አሚሎይድ እንላቸዋለን። ወደ ቀይ ቡናማ የሚለወጡት ዴክስትሪኖይድ ናቸው። ፈዛዛ ቢጫ ሆነው የሚቀሩት ኢንአሚሎይድ ይባላሉ። አሚሎይድ የተባለው ስፖር ግን በስታርች የተሞላ ነው ማለት አይደለም፤ ስያሜው የቀለሙን መመሳሰል ብቻ የሚናገር ነው።

ይህ የት ይጠቅማል? ሩሱላንና ላካሪያን እንውሰድ። ሁለቱም ከዛፍ ሥር ጋር ተጣምረው የሚኖሩ ናቸው፤ የሁለቱም ስፖር ሸካራ ነው። በሜልዘር ውስጥ የሩሱላ ኪንታሮትና መረብ መሰል ጌጥ በጥቁር ቀለም እንደ ተጻፈ ሆኖ ይወጣል፤ የላካሪያ እሾህ ግን ቀለሙን አይለውጥም። እንደዚሁም ወደ ቆላው በኩይሳ ላይ የሚበቅለው ተርሚቶማይሰስ ሐምራዊ አሻራ ሲኖረው፣ ስፖሩ ከአዮዲን ጋር አይዋሐድም። ሰፊ ቆቡ ሊያሳስት የሚችለውና ሆድን ክፉኛ የሚያውከው ክሎሮፊለም ሞሊብዳይተስ ግን አሻራው አረንጓዴ፣ ስፖሩም ዴክስትሪኖይድ ነው።

በፈረስ አገር ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ፋንድያው ራሱ ቤተ መጻሕፍት ነው። ጥቁር ስፖር ላላቸው ፓኔዮለስና ሳቲሬላ መለያው አዮዲን ሳይሆን የተጠናከረ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ የፓኔዮለስ ስፖር ቀለሙን ይዞ ሲቆይ የሳቲሬላ ይገረጣል። ይህን ሙከራ ለጀማሪ አልፈቅድም። ዓይንም የማይክሮስኮፕ ሌንስም አይተካም።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በየጊዜው «ሰማያዊ የሆነው መርዝ ነው ማለት ነው?» ተብዬ እጠየቃለሁ። አይደለም! ገዳዩ አማኒታ ፋሎይደስ አሚሎይድ ነው፤ የሚበሉ ሩሱላዎችም የስፖራቸው ጌጥ አሚሎይድ ነው። መርዛማው አማኒታ ሙስካሪያ በአንጻሩ ኢንአሚሎይድ ነው። አዮዲን ወገንን እንጂ መርዝን አይመሰክርም። የአማኒታ ፋሎይደስ መርዝ ምግቡ ቢበስልም አይጠፋም፤ ሕመሙም አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ሰዓት በኋላ ስለሚጀምር፣ በልቶ ደኅና ማደር ማረጋገጫ አይሆንም። ስለዚህ ቤተ ሙከራችን ለማንም «ብሉ» የሚል ቃል ሊሰጥ አይገባም።

ስለ አቅርቦት ጥቂት ልበል። ክሎራል ሃይድሬት ቁጥጥር የሚደረግበትና በቀላሉ የማይገኝ ኬሚካል ነው። ለማስተማሪያ የሉጎል አዮዲን ይበቃል፤ በሕክምና ላቦራቶሪዎች የተለመደ ነው፤ ሰማያዊውንም ያሳያል። ዴክስትሪኖይዱን ግን አንዳንድ ጊዜ ደካማ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ በእሱ ብቻ ተመርኩዞ «ቀለም አልያዘም» ብሎ መደምደም ችኮላ ነው። ናሙናን አስቀድሞ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም በአሞኒያ ያራሰ ሰው በውሃ ሳያጥብ ሜልዘር አይጨምርበት፤ ይደፈርሳል። ስፖሩም ከአሻራ ቢወሰድ ይመረጣል፤ የበሰለ መሆኑ የታወቀ ነውና።

ደስ የሚለው ነገር ይህ ምላሽ በደረቀ ናሙና ላይም ይሠራል። ማይክሮስኮፕ የሌለው የጥሊሊ ተማሪም ሊሰበስብ ይችላል፤ በቀስታ አድርቆ፣ በፕላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ከረጢት አድርጎ፣ ቦታውን፣ ቀኑን፣ በአቅራቢያው ያለውን ዛፍና የአሻራውን ቀለም ጽፎ ያቆየው። የሚመረምረው ደግሞ ከውጤቱ ጎን የተጠቀመው ሜልዘር ይሁን ሉጎል ሳይጽፍ መዝገቡን አይዝጋ።