ሌሊት ጥርሱን ለሚያፋጭ ሰው ጥርስ ሲተከል
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ጥርስ ነው፤ ነገር ግን ጉዳዩ ከሕክምና ተማሪዎች ይልቅ የምሕንድስና ተማሪዎችን ሳይመለከት አይቀርም።

ስዊድናዊው ሊቅ ብሮነማርክ፥ ቲታኒየም የተባለው ብረት ከሕያው አጥንት ጋር አንድ ሆኖ እንደሚጣበቅ ከተረዳ በኋላ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 በጎተንበርግ ከተማ ጥርስ በሌለው ሰው መንጋጋ ውስጥ የቲታኒየም ብሎኖች ተከለ። ያ ሰው በ2006 እስኪሞት ድረስ ከ40 ዓመት በላይ አኘከባቸው። እንግዲህ ጥበቡ ጠንካራ መሆኑ አያጠራጥርም፤ የሚያሳስበው የሚጫንበት ሸክም ነው።

የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር በቀጥታ አልተጣበቀም። በመካከላቸው 0.2 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጅማት አለ። ይህ ጅማት ለጥርስ እንደ መኪና ባሌስትራ ነው፤ ሸክም ሲመጣ ያለዝባል። በውስጡ ያሉትም ነርቮች «በዛ፥ ተው» እያሉ የመንጋጋውን ጡንቻ ይገሥጻሉ። የተተከለው ጥርስ ግን ባሌስትራም እንዲህ ያለ ዘበኛም የለውም፤ ሸክሙ በቀጥታ በብሎኑና በአጥንቱ ላይ ያርፋል።

ቀን ስናኝክ በጥርስና በጥርስ መካከል ምግብ አለ፤ ኃይሉም በአብዛኛው ከላይ ወደ ታች ነው። ሌሊት የሚያፋጭ ሰው ግን ጥርስን በጥርስ ላይ ወደ ጎን ይገፋል። የጎን ኃይል ደግሞ እንደ መፈንቀያ ይሠራል። በአንድ ጉተታ የማይበጠስ ሽቦ ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ እንደሚሰበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንደዚሁም ብሎኑ ይላላል፤ የሸክላው ልባስ ይሰነጠቃል፤ አልፎ አልፎም ቲታኒየሙ ራሱ ይሰበራል። የላላ ብሎን ተመልሶ ይጠብቃል፤ በአጥንት ውስጥ የተሰበረውን ለማውጣት ግን አጥንቱን መሰርሰር ግድ ይሆናል።

ታዲያ ለሚያፋጭ ሰው ጥርስ አይተከልለት ማለቴ አይደለም። ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ ሸክሙን በብዙ ብሎኖች ያካፍላል፤ የጥርሱን ጫፍ ዝቅ አድርጎ የጎን ግፊቱን ይቀንሳል፤ ለሌሊትም ጥርስ ላይ የሚጠለቅ ጠንካራ የፕላስቲክ መከለያ ይሰጣል። መከለያው ማፋጨቱን ባያስቀር እንኳ ሸክሙን ያከፋፍላል።

ችግሩ ማወቁ ላይ ነው። የሚያፋጨው ሰው ተኝቷልና ራሱን አይሰማም፤ የሚሰማው አብሮት የሚያድረው ነው። ስለዚህ ጥርስ የምትተክሉ ሐኪሞች ስትሆኑ በሽተኛውን ብቻ ሳይሆን የቤቱንም ሰው ጠይቁ። በመኝታ ክፍላችሁም ጓደኛችሁ ሲያፋጭ ብትሰሙ፥ ስቃችሁ አትለፉት፤ ጧት ንገሩት።