ሣጥናችን ውስጥ ያለው ወረቀት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የተነበበ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ውኃ ወይም ስለ መንገድ አይደለም፤ ስለ ወረቀት ነው። «ወረቀት ደግሞ ምን ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። ይሁንና በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአካባቢያችን በደረሰው ጦርነት ስንቱ ቤት የግብር ደረሰኙን፣ የፍርድ ግልባጩን፣ የሠርጉን ፎቶግራፍ እንዳጣ እናንተው ታውቃላችሁ። ከዚያ ወዲህ ውርስ ለማረጋገጥ ምስክር ፍለጋ የተንከራተቱት ከመካከላችን ናቸው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። እኛ ግን አንድ ነገር እንጨምርበታለን፤ በጽሑፍ ያለውም ቢሆን አንድ ቦታ ብቻ ከተቀመጠ ከቤቱ ጋር አብሮ ይነዳል።

አንድ የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት በዚህ ረገድ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማወቅ አዲስ አበባን እንመልከት። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የተባሉ የፖላንድ ተወላጅ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበሩት። እኚህ ሰው ኢትዮጵያን የሚመለከተውን ጽሑፍ ለብቻው ማሰባሰብ ያዙ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲቋቋም ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ፤ ያ ስብስብም ለተቋሙ ቤተ መጻሕፍት መሠረት ሆነ። ዛሬ በዚያ የብራና መጻሕፍት፣ የድሮ ጋዜጦችና የተማሪዎች የመመረቂያ ጥናቶች ይገኛሉ።

ታዲያ ይህ ለሮቢት ምኗ ነው? ምኗማ ነው እንጂ! የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ደብተር ይዘው ወደየአገሩ እየወረዱ ሽማግሌ ጠይቀው ጽፈዋል። በ1982 ዓ.ም. የቀረበ አንድ የማስተርስ ጥናት በየጁና በራያና ቆቦ አውራጃዎች ከ1933 እስከ 1966 ዓ.ም. የነበረውን የመሬትና የገበሬ ነገር ይመረምራል። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የራሳችን አውራጃ ታሪክ ሆኖ ሳለ ከመካከላችን ያነበበው ስንቱ ነው?

ሌላም አለ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ከጎረቤታችን ከቆረም ስለ ረሃቡ ያቀረበው ዘገባ ዓለምን አነቃነቀ። ፊልሙ ዛሬም አለ። በዚያ ሜዳ ላይ የሚታየው የሕዝብ ብዛት ግን ስሙ አልተጻፈም። የእኛን ሰዎች ስም የያዘው የእድር መዝገብና የእናቶቻችን ልብ ነው። መዝገቡ ምስጥ ከበላው፣ እናቶቻችንም ካለፉ፣ ማን ይነግረናል?

አሁን ወደ ቅሬታው እንምጣ። «ሰጥተን አልተመለሰልንም» የምትሉ አላችሁ። እውነታችሁን ነው። እኛም ከዓመታት በፊት አንድ የእድር መዝገብ «ለጥናት ነው» ላለን ሰው አውጥተን ሰጠን፤ ይኸው እስካሁን አላየነውም። ጥፋቱ የሰውየው ብቻ አይደለም፤ እኛም በእምነት ሰጠን እንጂ ፊርማ አልተቀበልንም። ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል፤

1ኛ/ ዋናው ወረቀት ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። ባለቤቱ ባለበት ፎቶ ይነሳና እዚያው ይመለስለታል። ምን እንደተነሳ የሚገልጽ ፊርማ ያለበት ደረሰኝም ይሰጠዋል።

2ኛ/ ቅጂው ሦስት ቦታ ይቀመጣል። አንዱ በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ይሆናል። ሁለተኛውን ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በቤተ መጻሕፍቱ እንዲያኖርልን እንጠይቃለን። ይሁንና ዩኒቨርሲቲው ራሱ በጦርነቱ ተዘርፎና ተጎድቶ ስለነበር በእሱ ብቻ አንወሰንም፤ ሦስተኛውን በ1936 ዓ.ም. ለተመሠረተው ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት እናቀርባለን። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል።

3ኛ/ የዘወልድ ሽማግሌዎቻችን እርቅ እንዴት እንደሚያወርዱ፣ ደም እንዴት እንደሚያደርቁ በቴፕ ወይም በስልክ ይቀዳል። ይህም በፈቃዳቸው ብቻ ነው። የተዘጋ ቂም የሚቀሰቅስ ቃል ወይም ወረቀት ከተገኘ፣ ባለቤቱ እስከወሰነው ዓመት ድረስ ታሽጎ ይቆያል። ታሪክ እናቆያለን ብለን ጠብ እንዳንዘራ።

ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ዛሬ ማታ ሁላችን ልንሠራው የምንችለው ነገርም አለ። በየፎቶግራፉ ጀርባ የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን በእርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ። እስክሪብቶ ወደ ፊቱ ይዘልቃል። ወረቀቱን ከጭስ፣ ከእርጥበትና ከምስጥ አርቁ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፤ ፕላስተሩ ሲደርቅ ጽሑፉን ይዞ ይነሳል። ከሁሉ በፊት ግን አያቶቻችሁን «ይቺ ማን ናት? ይሄስ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሽማግሌ ከሄደ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ መልስ የለውም።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፤ ነገ ልጆቻችን «ከየት ነን?» ሲሉን ወደ አዲስ አበባና ወደ ለንደን ብቻ እንዳንልካቸው አደራ እንላለን። ሣጥናችሁን ክፈቱ። ሳትሰጡ አሳዩን።